ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋዎች ብርታትና ድካም



መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ የኮምፒዩተር ሥራ ሲያሠራ፣ «በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ?» የሚለውን ጥያቄ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የዛሬው ምርጫ ለነገው ሠራተኛ ዕዳ ሊሆን ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ያበጀው ሲ የተባለው ቋንቋ እጅግ ፈጣን ነው፤ የመሣሪያውን ማኅደረ ትውስታ በቀጥታ ያዝዛል። ነገር ግን ጥንቃቄውን ሁሉ ለጸሐፊው ስለሚተው፣ ጥቂት ስሕተት ለሌባ በር ትከፍታለች። ማይክሮሶፍት በ2019 እንደ ገለጸው፣ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ጉድለቶች 70 በመቶ ያህሉ ከማኅደረ ትውስታ አያያዝ የሚመነጩ ናቸው።

በ1991 ጊዶ ቫን ሮስም ያወጣው ፓይተን ደግሞ ለማንበብ ይቀላል፤ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። ይሁን እንጂ በከባድ ስሌት ከሲ እጅግ ይዘገያል፤ ስለዚህም ከባዱን ሸክም ብዙ ጊዜ በሲ የተጻፈ ክፍል ይሸከምለታል። በ1995 የወጣው ጃቫ በመካከላቸው ይቆማል፤ ማኅደረ ትውስታውን ራሱ ያጸዳል፣ በልዩ ልዩ መሣሪያም ይሠራል፤ አጻጻፉ ግን ይረዝማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ኮቦል ነው። በ1959 ለሒሳብና ለመዝገብ ሥራ የታቀደው ይህ ቋንቋ ዛሬም ያገለግላል። ሆኖም በ2020፣ በወረርሽኙ ወራት፣ የኒው ጀርዚ አገረ ገዥ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው በአደባባይ ጠየቁ፤ የሥራ አጦች ክፍያ በአሮጌ መሣሪያ ላይ ነበርና። ቋንቋው አልከዳም፤ አዋቂው ግን ጥቂት ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ስትመርጡ ፍጥነቱን ብቻ አትመልከቱ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያድሰው ሰው ይገኝ እንደ ሆነም ጠይቁ።