የየቲሙ ማሳና የዩኒቨርሲቲው ደጃፍ
(በጎብዬ ለየቲም አሳዳጊዎችና ለማኅበሩ ለጋሾች የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በቅርብም በሩቅም ሆናችሁ የየቲሞችን ጉዳይ ጉዳያችሁ ያደረጋችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ የቆምኩት ስለ እህልና ስለ ደብተር ሳይሆን ስለ ማሳ ለመናገር ነው። በጎብዬና በቆቦ ሜዳ አባቱን ላጣ ልጅ ከሚቀሩለት ነገሮች ዋነኛው መሬት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን የተካሄደው ጦርነት የየቲሞቻችንን ቁጥር አብዝቶታል። በየወሩ የምትልኩት ድጋፍ ልጁን ከረኃብ ይጠብቀዋል። ማሳው በአቀንጭራ ከተወረረ ግን ካደገም በኋላ የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ እንዳይቀር እንሰጋለን።

አቀንጭራን የማያውቅ ገበሬ በመካከላችን የለም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዲቱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ነው። ከዚያም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠዋል። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል የምናየው ብዙውን ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው።

ይህንን የተደበቀ ጠላት ለመርታት ዩኒቨርሲቲና ገበሬ የተገናኙበት ታሪክ አለ። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ ተወልደው በዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ በአሜሪካ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚለቁ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። ዝርያዎቹ በአገራችን ተመራማሪዎች በአገራችን መሬት ተፈትነው፣ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ሁለቱ ለገበሬው ተለቀቁ። የአንዱ ስም «አብሽር» ነው፤ ትርጉሙ ለእናንተ አይነገርም። የሁለተኛው ስም ደግሞ «ጎብዬ» ነው። ፕሮፌሰሩም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ታዲያ የከተማችንን ስም የያዘው ዘር ስለምን ማሳውን ሁሉ አልሞላም? መልሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አገዳው አጭር ነው፤ እኛ ግን ከደጋሊትና ከጅጉርቲ ፍሬ ብቻ ሳይሆን የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያም እንጠብቃለን። ቀድሞ ስለሚደርስ ወፍ ይረባረብበታል፤ ባሏን ያጣች እናት ደግሞ ወፍ የሚጠብቅላት ሰው የላትም። ዘሩም ብቻውን አይበቃም፤ ማዳበሪያና ውኃ የሚይዝ ቦይ ሊታከሉበት ይገባል። ዩኒቨርሲቲው የሥሩን ነገር አውቋል፤ የአገዳውን ነገር የሚያውቀው ግን ባለ ማሳው ነው። ሁለቱ በአንድ ካልተቀመጡ መልካሙ ዘር ከጎተራ አይወጣም።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር አድርጓል። ስለዚህ በራቸውን ማንኳኳታችን ልመና አይደለም። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው፤ እርሱም እንደ እኛው በጦርነቱ ተዘርፎና ተጎድቶ የተነሣ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም። እኛም ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ የትኛው ማሳ የየትኛው የቲም እንደሆነ የሚያውቁት ማኅበራችንና የየመንደሩ ቅሬ ናቸው።

ሆኖም ስምምነቱ በፎቶግራፍና በስብሰባ እንዳያልቅ፣ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ጥያቄው ከአሳዳጊዎች ይነሣ፤ ምሁራኑ ከመዝራት በፊት መጥተው ያድምጡ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎችና መምህራን ከዘር እስከ አጨዳ ይከታተሉ፤ አቀንጭራው ሳያብብ የሚነቀልበት ጊዜም አይለፋቸው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የየቲም መሬት አማና እንጂ የሙከራ መሬት አይደለም። አዲሱ ዘር በማሳው ጥግ ብቻ ይሞከር፤ የቀረው ቤተሰቡ የሚያውቀውን ይዝራ። ሙከራው ቢከሽፍ ኪሣራውን የሚሸፍነው ልጁ ሳይሆን ማኅበሩ ይሁን።

ለጋሾች ሆይ! ከእናንተ የምንጠይቀው ይህንን ዋስትና ነው። ከወርኃዊው ድጋፍ ሳይቀነስ፣ ለዚህ ብቻ የሚውል መጠባበቂያ እናቋቁም። ዩኒቨርሲቲው እውቀቱን፣ ቅሬው ምስክርነቱን፣ እናንተ ዋስትናውን ካዋጣችሁ፣ ልጁ አድጎ የአባቱን ማሳ ሲረከብ ማሽላ እንጂ አቀንጭራ አይረከብም፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።