ሐኪምና ታካሚ እስኪግባቡ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ሕሙማንን ወደ ሐኪም የምናደርስና የምናስተረጉም ወገኖች ነን። የምንናገረው ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና፣ ይልቁንም ሐኪምና ታካሚ ገና ሲተዋወቁ ስለሚሆነው ነው። ባለሙያዎች አይደለንም፤ ያየነውን ነው የምንነግራችሁ።

በዚህ በጅቡቲ ከተማ የሐኪሙ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ፈረንሳይኛ ነው። ሱማሌኛ፣ አፋርኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ወገናችን ይቀለዋል፤ አማርኛ ብቻ ይዞ ለመጣው ግን ሦስተኛ ሰው ግድ ነው። ያ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ነገ በዕድር ወይም በሠርግ የሚያገኘው ሰው ነው።

አንዲት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን ይዘን ሄድን። እንቅልፍ ካጣች ወራት ሆኗት ነበር። ሐኪሙ ራሷን ለመጉዳት አስባ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁ። አስተርጓሚያችን ወደ እሷ እንኳ ሳይዞር «ኧረ በጭራሽ!» ብሎ መለሰላቸው። ክፋት አልነበረውም፤ የወገኑን ስም መጠበቁ ነው። እሷ ግን መጠየቋንም አላወቀች። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስትል ወደ ፈረንሳይኛው የተሻገረው ሆድ ብቻ ነበርና ወሬው ወደ ጨጓራ ሄደ። (ጨጓራ የሌለበት ሐበሻ ማግኘት ስለሚቸግር ማንም አልተገረመም።) በሁለተኛው ቀጠሮ ቀረች። «ምንም አልሰጡኝም፤ ሲያዋሩኝ ብቻ ዋሉ» አለችን።

ለእኛ ሐኪም ማለት መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚያዝ ነው። የንግግር ሕክምና ግን ታካሚውንም ያሠራል። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን የሥራ ትስስር በሦስት ነገር አየው፤ ወዴት እንደሚሄዱ መስማማት፣ በምን መንገድ እንደሚሄዱ መስማማት፣ በመካከላቸውም መተማመን። እህታችን የፈለገችው መተኛት ነበር፤ ሐኪሙ የጠየቋት ስለ ልጅነቷ ነው። ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ማንም አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀች። ሐኪምን «ለምን?» ማለት ነውር ይመስለናል። «እርስዎ ያውቃሉ» እንላለን፤ ከዚያም እንቀራለን። ጸበል መጠመቃችንን፣ ዱዓ ማስደረጋችንንም እንደብቃለን።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 295 ጥናቶችን፣ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ታካሚዎችን ያጠቃለለ ምርምር፣ የሕክምናው ዓይነት ቢለያይም ይህ ትስስር ከውጤቱ ጋር እንደሚዛመድ አሳይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀጠሮዎች ማበላሸታችን ቀላል ነገር አልነበረም።

አሠራራችንን ለወጥን። አስተርጓሚው ከመግባቱ በፊት ምስጢር እንደሚጠብቅ ለታካሚው ራሱ ቃል ይገባል። ሐኪሙና ታካሚው ፊት ለፊት እንዲተያዩ እሱ ወደ ጎን ይቀመጣል። የተባለውን እንዳለ ያስተላልፋል፤ ያልገባውን «አልገባኝም» ይላል። ዘመድ ስለ ታካሚው አይመልስም፤ ይህ ለእናቶች በጣም ይከብዳል፣ እናውቃለን።

እህታችን ከሁለት ወር በኋላ ተለምና ተመለሰች። አዲሷ አስተርጓሚ ቃል ገባችላት። ሐኪሙም ንግግሩ ከእንቅልፏ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አስረዷትና ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አዎ፣ አስቤያለሁ» አለች። በተከታዩ ቀጠሮ እንደ ልማዳችን አብረናት ልንገባ ስንል፣ «እናንተ እዚህ ጠብቁኝ» ብላን ከአስተርጓሚዋ ጋር ገባች።