መስመሩ የማን ነው?

(በወጣቶች ማዕከል ለፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)

ከመካከላችሁ ትምህርት ጨርሳችሁ ሥራ የጀመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮንዶም አይደለም፤ እሱን ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ስለ ኢንተርኔትና ድርጅቶች ለራሳቸው ስለሚዘረጉት የውስጥ ኔትወርክ ነው። "ይሄ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። በጣም ይገናኛል እንጂ!

ኢንተርኔት እንደ ትልቅ ገበያ ነው፤ ማንም ገብቶ ይወጣበታል። በአገራችን አገልግሎቱ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የውስጥ ኔትወርክ፣ ኢንትራኔት የሚሉት፣ ግን አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ ነው። የፈቃድ መጠየቂያው፣ ደመወዙ፣ ሰርኩላሩ፣ የሠራተኛው ፋይል እዚያ ይቀመጣል። የውጭ ሰው አይገባበትም። ውስጥ ያለው ሰውስ?

ምክር ፍለጋ ወደ እኔ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ለሕመም ፈቃድ ያስገባችው የሐኪም ወረቀት ስካን ተደርጎ ሁሉም ክፍል በሚከፍተው ፎልደር ውስጥ ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ የኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ማኅተም አለ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሥራ ለማቅለል ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ምሳ አብሯት የሚበላ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ "ደግሞ ማን ያየኝ ይሆን" እያለች መድኃኒቷን ለመውሰድ መሄድ ፈራች። መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ለአስተዳደር ኃላፊው አብረን አመለከትን። ፎልደሩ በዚያው ቀን ተዘጋ፤ ወሬው ግን አልተዘጋም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይቆጥረዋል። ስለዚህ ወረቀት ስታስገቡ "ይህን ማን ማን ይከፍተዋል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

"እኔ እንኳ የምፈልገውን በኢንኮግኒቶ ነው የምከፍተው" የሚሉም አሉ። እሱ የሚደብቃችሁ ከእናንተ ቀጥሎ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከሚቀመጠው ሰው ነው እንጂ ከኔትወርኩ ባለቤት አይደለም። ባለሙያው ያነበባችሁትን ገጽ ባያይ እንኳ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ ሊያውቅ ይችላል። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤቱ ሆኖ መከታተያ ከተጫነበትማ ሁሉንም! ታዲያ ስለ ምርመራም ሆነ ስለ መድኃኒት መፈለጋችሁን አትተዉ፤ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ዳታ ፈልጉ። በቢሮው ዋይፋይ ከሆነ ያው ነው። ኢንተርኔት ካፌም ስትገቡ ከኢሜይላችሁ ሳትወጡ አትነሱ።

ኮምፒዩተር የተማራችሁ ደግሞ፣ ነገ ያንን ፎልደር የምትከፍቱትና የምትዘጉት እናንተ ናችሁ። የሕክምና ወረቀት የሚቀመጥበትን ለሚመለከታቸው አንድ ሁለት ሰዎች ብቻ ፍቀዱ። አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

እሺ፣ አሁን ጥያቄ ያለው?