አይዳ ቢ. ዌልስ፦ ከጋዜጣ አዘጋጅነት እስከ ምርጫ ውድድር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጋዜጠኛ ምን ልትነግረን ነው?» ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። አይዳን የመረጥኳት በሙያዬ በኩል ስለምትማርከኝ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አይዳ በ1862 በአሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ባሪያ ከነበሩ ወላጆች ተወለደች። በ16 ዓመቷ እናትና አባቷን ቢጫ ወባ ወሰደባት፤ ታናናሾቿን ለማሳደግ አስተማሪ ሆነች። ኋላ ከሴቶች የባቡር ክፍል በጉልበት ቢያስወጧት ድርጅቱን ከሰሰች። በ1884 ፍርድ ቤት 500 ዶላር ፈረደላት፤ በ1887 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፣ ወጪውንም ክፈይ አላት። ይህችን 500 ዶላር ያዙልኝ።

በ1889 ሜምፊስ ከተማ ውስጥ «ፍሪ ስፒች» የሚባል ጋዜጣ ባለድርሻና አዘጋጅ ሆነች። የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶችን ጉድለት ብትጽፍ በ1891 ከማስተማር ሥራዋ ተሰናበተች። ከዚያ በየከተማው እየዞረች ለጋዜጣው ደንበኛ መሰብሰብ ጀመረች፤ ዓመት ሳይሞላ ገቢዋ የመምህርነት ደመወዟን ሊያክል ደረሰ። ማንበብ ለማይችሉ ገዢዎች ሻጮች ሌላ ጋዜጣ እየሰጡ ሲያታልሏቸው የራሷን በሮዝ ወረቀት አሳተመች። (በጣት አሻራ ለሚፈርሙ እናቶቻችን የቁጠባና የብድር ደብተሩን በቀለም ብንለየውስ? ኮሚቴው ይመልከተው።)

በማርች 1892 ቶማስ ሞስ የሚባል ወዳጇና ሁለት ባልደረቦቹ ከእስር ቤት ተወስደው ተገደሉ። የደቦ ፍርድ መሆኑ ነው። የሚሠሩበት የጥቁሮች ሱቅ የአንድ ነጭ ነጋዴ ገበያ ተሻምቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚወራው «እንዲህ የሚገደሉት ነጭ ሴት የደፈሩ ናቸው» የሚል ነበር፤ አይዳ ሞስን ታውቀዋለችና ወሬውን መመርመር ጀመረች። ያገኘችውን ብትጽፍ፣ ለጉዞ በወጣችበት በሜይ ወር ማተሚያዋን ሰባበሩት። ብትመለስ እንደሚገድሏትም ዛቱ።

ገንዘብም ጋዜጣም የላትም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የኒው ዮርክና የብሩክሊን ጥቁር ሴቶች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ገንዘብ አዋጡላት። ስንት መሰላችሁ? 500 ዶላር። በብዕር ቅርጽ የተሠራ የወርቅ ጌጥም ጨመሩላት። ፍርድ ቤት የነሳትን ሴቶች ሰጧት ማለት ነው። ገንዘቡም የምርመራዋ ጽሑፍ ታትሞ እንዲወጣ ዋለ።

ሒሳብ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። እኔ በየወሩ መዝገባችንን ከባንክ ስቴትመንት ጋር የማመሳክረው ስቴትመንቱ በእኔ እጅ ስላልተጻፈ ነው። አይዳም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩን የወሰደችው ከነጮቹ ጋዜጣ፣ ከ«ቺካጎ ትሪቢዩን» ነው። በስምንት ዓመት 728 ሰዎች በደቦ ተገድለዋል፤ በመድፈር የተወነጀሉት ሲሶው ብቻ ናቸው። ከሲሶውም ንጹሕ የሆኑ አሉበት። የቀሩት በምን ተገደሉ? «የፈጠራ ወሬ ነው» እንዳይሏት መዝገቡ የራሳቸው ነው።

ቺካጎ ገብታ አገባች፣ አራት ልጆች ወለደች። በ1913 የጥቁር ሴቶች የምርጫ ማኅበር አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት የኢሊኖይ ግዛት ለሴቶች በከፊል የመምረጥ መብት ሰጠ። አባላቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስመዘግቡ አንዳንድ ወንዶች «ሂዱና ልጆቻችሁን ያዙ» ይሏቸው ነበር። ለእኛ አዲስ አይደለም! በ1915 ኦስካር ደ ፕሪስት በእነሱም ድምፅ የቺካጎ ከተማ ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ።

በ1930፣ በ67 ዓመቷ፣ ራሷ ለኢሊኖይ ሴኔት ተወዳደረች። የፓርቲ አለቆች አልደገፏትም፤ ተሸነፈች። «ያን ያህል ደክማ ምን አተረፈች?» የሚል ሰው ገጥሞኛል። እኔ እንደ ኪሳራ አልመዘግበውም። ሌሎችን ስታስመርጥ የኖረች ሴት ስሟን በምርጫ ወረቀት ላይ ማየት መፈለጓ ተገቢ ነበር፤ የሚያሳዝነኝ የዘገየ መሆኑ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በማርች አረፈች። ስትጽፈው የነበረው የሕይወት ታሪኳ አንድ ቃል መሃል ላይ ተቋርጦ ቀርቶ ነበር፤ ልጇ አልፍሬዳ አዘጋጅታው በ1970 ታተመ።