እናት በልጇ አፍ ስትናገር



ስለ ቤተሰብ ግንኙነትና ስለ ስሜት ጤንነት እንድናገር ስትጋብዙኝ ንድፈ ሐሳብ ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። ቦንጋ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ የቆየ ስሕተቴን መናገር ይሻላል አልሁ። የባለታሪኮቹ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ።

አንዲት የካፋ እናት ራስ ምታት አላስቆም አላስቀምጥ ብሏቸው ወደ እኔ መጡ። «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል» ነበር ቅሬታቸው። ይህን በአማርኛ ተናጋሪውም ዘንድ ደጋግመን እንሰማዋለን፤ ኀዘን በአገራችን ወደ ሐኪም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ራስን፣ ሆድን፣ ልብን አስታኮ ነው። እናቲቱ የሚናገሩት ካፊ ኖኖ፣ እኔ የማውቀው አማርኛ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ታስተረጉም ነበር። መኖር የሚሰለቻቸው ጊዜ እንዳለ ጠየቅሁ። እናት ረዘም አድርገው ተናገሩ። ልጅቱ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ደኅና ነኝ ትላለች» አለችኝ።

የንግግሩ ርዝመትና የትርጉሙ እጥረት ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። አላነቃኝም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቋንቋውን የምትችል ነርስ ልጅቱን ውጭ አስቀምጣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። የበኩር ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሞትን እንደሚመኙ ነገሯት፤ ባለፈውም ያሉት ይህንኑ ነበር። ልጅቱ ቃሉን ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ትምህርቷን ትታ እናቷን ወንዝ ድረስ ትከተል፣ ሌሊት በር ላይ ትተኛ ነበር። የእናትን ሕመም ፍለጋ ሄጄ በልጅ ላይ ሌላ ሕመም ጫንሁ።

«ሆድ ይፍጀው» የምንለው ብሂል ትዕግሥትን ያስተምራል፤ አልንቀውም። ነገር ግን በዚያ ቤት ሁለት ሆዶች አንዱን ምሥጢር ለየብቻ ይፈጁት ነበር፤ እናት ልጅ እንዳትጨነቅ፣ ልጅ እናት እንዳታፍር። ሁለቱን ያራቃቸው መዋደዳቸው ነው። ሕክምናውም የተጀመረው ልጅቱን ከጠባቂነት በማሰናበት ሲሆን ጥበቃውን አክስቷና አንዲት ጎረቤት ተረከቡ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ጤና አገልግሎት በጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች እጅ እንዲሰጥ ያበረታታል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። መልካም ነው። ባለሙያው ግን በምን ቋንቋ ይጠይቅ? ስለ ሞት ምኞት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፤ በልጅ አፍ ማስጠየቅ ግን ልጅን ይጎዳል።

ካፊ ኖኖ የአፍ መፍቻችሁ የሆነ ተማሪዎች ጥያቄውን እዚሁ በቋንቋችሁ እንድትሉት እለምናለሁ። ማን ይጀምር?