«መድኃኒት» ብለን የምንጠራው መርዝ



ዛሬ ስለ አንድ ቃል ለመናገር በፊታችሁ ቆመናል፤ ቃሉም «መድኃኒት» የሚለው ነው።

እኛ የጫጫ ገበሬ ልጆች ለክረምት ዕረፍት ወደ ወላጆቻችን የምንመለሰው ስንዴውና ገብሱ በሚታረምበት ወራት ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን «መድኃኒቱን ረጨኸው ወይ?» ሲል እንሰማለን። የአረም ማጥፊያው ቱፎርዲም ሆነ ለተባይ የሚረጨው ማላታዮን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። መድኃኒት ከተባለ ዘንድ ማን ይፈራዋል? አባቶቻችን በባዶ እጃቸው ይበጠብጡታል፤ መርጫውን አዝለው ነፋስ እየመለሰባቸው ይረጫሉ፤ ማታም በዚያው ልብስ ከልጆቻቸው ጋር ገበታ ይቀርባሉ። ባዶው ዕቃ ደግሞ ታጥቦ የውሃ መያዣ ይሆናል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ማላታዮንና መሰሎቹ ተባዩን የሚገድሉት ነርቩን በመመረዝ ነው፤ የሰውም ነርቭ ከዚህ አያመልጥም። ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ ካስተላለፈ በኋላ ትእዛዙን የሚያቆም ኮሊንኤስተሬዝ የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነታችን አለ፤ መርዙ ይህን ሥራውን ያግደዋል። ስለዚህ የተመረዘው ሰው በላብ ይጠመቃል፥ ለሃጩ ይዝረበረባል፥ የዐይኑ ብሌን ይጠባል፥ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፥ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረዋል። መርዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በአየርም ይገባል። ወተት ማጠጣት ማርከሻ አይሆነውም። ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙና አጥቦ፥ የመርዙን ስም ይዞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

አረሙ ይብላው፥ ርጭቱ ይቅር አላልንም። ሰብሉ በአረም የተዋጠበት ገበሬ ልጁን በምን ያስተምራል? ሕግም አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ እንዲመዘገብና ቁጥጥር እንዲደረግበት ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጁ ከገበሬው ጋር ማሳ አይወርድም። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የሚችለው ያ ገበሬ አርሶ ያስተማረው ልጅ ነው።

እንግዲህ በመጪው ክረምት የቤት ሥራችን ይህ ይሁን። ጽሑፉን ለአባቶቻችን እናንብብላቸው፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እንዲያደርጉ፥ ነፋስን በጀርባቸው እንዲያደርጉ እንለምናቸው፤ ባዶውን ዕቃ ውሃ እንዳይቀዳበት እንብሳው። ከሁሉ በፊት ግን በየቤታችን ስሙን እንለውጥ፤ መርዝን መርዝ እንበለው። መርዝ መሆኑን ያወቀች እናት በዚያ ዕቃ ለልጇ ውሃ አታጠጣም።