አውራዋ ብትሞት ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?

(በወልቂጤ ለየቲም ልጆች፣ ለአሳዳጊ ቤተሰቦችና ለማኅበራችን ደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ለአረፋ በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ አገራችሁ የገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከቡታጅራ ድረስ ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ አሳዳጊዎች፣ እንዲሁም ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የተጋበዝኩት ስለ የቲም ሐቅ እንድናገር ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ከእኔ የበለጡ ዑለማዎች ደጋግመው አስተምረዋችኋል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ንብ፣ ስለ ጅብ፣ ስለ ጉሬዛና ስለ ዝሆን ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመድረሳ ሱረቱ-ን-ነሕልን፣ ማለትም በንብ ስም የተጠራውን ምዕራፍ በማስተምርበት ዕለት፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ይህ ልጅ እናቱን በሞት ካጣ ወዲህ በክፍል ውስጥ አንዲት ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም ነበር። «ኡስታዝ፣ አውራዋ ብትሞት ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?» አለኝ። መልሱን አላወቅሁትም። አላውቅም ማለትም አፈርኩና «ትምህርታችንን እንቀጥል» ብዬ አለፍኩት። ልጁ እጁን አወረደ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ዳግመኛ አላነሳውም። ጥያቄው ስለ ንብ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ዕለት ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍት አገላብጬ፣ ንብ አናቢዎችንም ጠይቄ ያገኘሁትን ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

ልጆቼ፣ ከንብ እንጀምር። በአንድ ደህና ቀፎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች ይኖራሉ። እናታቸው አንዲት ናት፤ አባቶቻችን «አውራ» የሚሏት እርሷ ናት። ስሟ የወንድ ይመስላል እንጂ ሴት ናት። አበባ በሚበዛበት ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሆኖም ይህች እናት ከልጆቿ አንዱንም አታበላም! እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጭ ሲሆን የሚመግቡት ታላላቅ እህቶቹ ናቸው። ሠራተኛ ንብ ስትወለድ የመጀመሪያ ሥራዋ ቤት መጥረግ ነው፤ ቀጥላ የእጮች ሞግዚት ትሆናለች፤ ከዚያም ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ወጥታ አበባ ትቀስማለች። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በውዝዋዜ ለእህቶቿ ቦታውን ትነግራቸዋለች፤ አቅጣጫውንም ርቀቱንም። ይህን ምሥጢር የፈታው ካርል ቮን ፍሪሽ የተባለ የኦስትሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ነበር።

ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ዕድሜዋ የምታዘጋጀው ማር ከአንድ የሻይ ማንኪያ 12ኛው እጅ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ስትልሱ የ12 ንቦችን የዕድሜ ልክ ሥራ ላሳችሁ ማለት ነው።

አውራዋ ስትሞትስ? ጠረኗ ከቀፎው ሲጠፋ ሠራተኞቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያውቃሉ። እጮቹን መመገብ ግን አያቋርጡም። ከተፈለፈሉ ሦስት ቀን ካልሞላቸው እጮች መካከል ጥቂቶቹን ይመርጣሉ፣ ክፍላቸውን ያሰፉላቸዋል፣ ከራሳቸው አካል የሚያመነጩትን ነጭ ምግብ ሳያቋርጡ ይሰጧቸዋል። ከእነዚህም አዲስ አውራ ትወጣለች። ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ አውራዋም ሠራተኛዋም የሚፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። አንዷን ለብዙ ሺህ ልጆች እናት፣ ሌላዋን የስድስት ሳምንት ሠራተኛ ያደረጋት አመጋገባቸው ነው።

አሁን ደግሞ ማታ ማታ ከእንሰቱ ወዲያ ድምፁን ወደምንሰማው ጅብ እንሂድ። ለእኛ የጅብ ጩኸት ሁሉ አንድ ይመስለናል፤ እነርሱ ግን በድምፅ ይተዋወቃሉ። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውን የምትመራውም ሴት ናት። አጥንት ሰብሮ ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። የበርካታ ጅቦች ልጆች በአንድ ጉድጓድ አብረው ያድጋሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዷ እናት የምታጠባው የራሷን ልጅ ነው። ሌላ ልጅ ቢጠጋት ታባርረዋለች። ስለዚህ ጡት ሳይተው እናቱ የሞተችበት የጅብ ልጅ ብዙ እናቶች ባሉበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተርቦ ይሞታል። ጅብን በዚህ አንወቅሰውም፤ በተፈጠረበት ጠባይ ይኖራል። ምርጫ የተሰጠን እኛ ነን።

የተለየ ጠባይ የተሰጣቸውም አሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም፤ በባሌ፣ በሰሜንና በሌሎች ጥቂት ደጋ ተራሮች ላይ የቀረውም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። በመንጋው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ብትሆንም ልጆቹ የሁሉም ናቸው። አክስትና ወንድም ሲያድኑ ውለው፣ የእኛን እንሰት ከሥሩ የሚበላውን የፍልፈል ዘመድ በልተው ይመለሳሉ፤ ከሆዳቸውም መልሰው ለትንንሾቹ ያጎርሳሉ።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ብትወርዱ ጉማሬና ጉሬዛ አሉ። ጉማሬ ያን ሁሉ ግዙፍ አካል ይዞ አይዋኝም፤ በውኃው ወለል ላይ ይራመዳል እንጂ። ልጇንም ውኃ ውስጥ ታጠባዋለች። ጉሬዛ ደግሞ የእጅ አውራ ጣት የላትም ማለት ይቻላል። ሲያድግ ጥቁርና ነጭ ካባ የሚለብሰው ልጇ ሲወለድ መላ አካሉ ነጭ ነው። ነጩን ሕፃን ያዩ ሌሎች ሴቶች ተራ በተራ ይታቀፉታል፤ በእኛም መንደር አራስ ሲጠየቅ እንዲሁ አይደለም?

ዝሆንስ? በአገራችን በባቢሌና በጨበራ ጩርጩራ ይገኛል። 22 ወር ያህል ታረግዛለች፤ የሚወለደው ልጅ 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህ ግዙፍ ሕፃን ግን እናንተ ትንሽ ሳላችሁ ጣታችሁን እንደጠባችሁት ኩምቢውን ይጠባል። ሲወድቅ የሚያነሱት፣ ወንዝ ሲሻገር ከመካከል የሚያስገቡት አክስቶቹና ታላላቅ እህቶቹ ናቸው።

ዝሆንን ካነሳን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱት በየትኛው ዓመት ነው? አዎን፣ በዝሆን ዓመት። አብረሃ ዝሆን አስከትሎ ካዕባን ሊያፈርስ በመጣበት ዓመት። አባታቸው ዐብዱላህ የሞቱት እርሳቸው ሳይወለዱ ነው። በስድስት ዓመታቸው እናታቸው ኣሚና፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸው ዐብዱል ሙጠሊብ ሞቱባቸው። ልጆቼ፣ ነቢያችን የቲም ነበሩ። እናታቸው በመንገድ ላይ ስትሞት ወደ መካ ይዛቸው የተመለሰችው፣ እንደ እናት የተንከባከበቻቸውም ኡሙ አይመን በረካ ናት። እርሷም የሐበሻ ሴት ነበረች። ያን ልጅ ማን አበላው ቢባል ከመልሱ አንዱ ከእኛው ምድር የወጣች ሴት ናት።

እርሳቸውም ይህን አልረሱም። በአንድ ጉዞ ላይ ባልደረቦቻቸው የአንዲት ወፍ ጫጩቶች ወሰዱ፤ ወፏም ክንፏን እያራገበች ዙሪያቸውን ትበር ጀመር። ነቢዩ ባዩ ጊዜ ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ በጀፎረው ላይ ስትጫወቱ ወንጭፋችሁን ወደ ጎጆ አታነጣጥሩ።

ወላጆችና ደጋፊዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የምትሰጡት ደብተር፣ የደንብ ልብስና እህል አላህ ዘንድ አይጠፋም። ይህ ግን የቀፎው ሥራ ግማሹ ነው። የአረፋ ሰሞን ገንዘቡን አስረክባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የምትረዱትን ልጅ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ከምትገዙለት መጻሕፍት መካከል አንዱ ስለ እንስሳት ይሁን። አሳዳጊዎች ደግሞ ልጁ ጉንዳን ተራ ይዞ ሲሄድ ቆሞ ካየ አትቆጡት፤ አብራችሁት ቁሙ። ወላጁን ያጣ ልጅ ስለ ራሱ መጠየቅ ይከብደዋል፤ ስለ ጉንዳን ግን ይጠይቃል። መልሱን ካላወቃችሁት «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉት። እኔ ያን ዕለት ይህችን ቃል ባለመናገሬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ያ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከዘመዱ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። መልሱን ባገኘሁ ጊዜ አጠገቤ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ አንድ ቀን እጁ ቢገባ መልሱ ይኸው ነው፤ ልጄ፣ እህቶቻቸው ያበሏቸዋል። አንድ ቀንም አያቋርጡም።

አላህ የቲሞቻችንን በእዝነቱ ያሳድግልን፤ የሚሰጡትን እጆች ይባርክ፤ እኛንም የልጅ ጥያቄ ሰምተን የማናልፍ ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።